ስሜ ሳይጠራ ቀረ

የጠያቂዋ ደብዳቤ (በጥቂቱ አሳጥረነዋል)

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ማንበብ ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሳገለግል 11 ዓመት ሆነኝ። መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ከሰው ቀድሜ እገባለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፣ ሽንት ቤቱን አጸዳለሁ። የታመመ ሰው ካለ ሄጄ እጠይቃለሁ። አቅም ያነሳቸውን ደግፌ ደረጃውን አወጣለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የማደርገው። «ነበር» ልበል መሰለኝ።

ባለፈው ወር የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጀ። የአገልጋዮች ስም አንድ በአንድ እየተጠራ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ዘማሪ እንኳ ተጠርቶ ተጨበጨበለት። እኔ እስከ መጨረሻው «አሁን ይጠሩኛል» እያልኩ ጠበቅኩ። አልተጠራሁም። ሰው ሲወጣ ወንበሩን የሰበሰብኩት ግን እኔው ነኝ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ በማልቀሴ አፈርኩ። በሳምንቱ ለአስተባባሪያችን «ደክሞኛል፣ ትንሽ ልረፍ» ስለው «ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን ተብሎ የለ እንዴ! ያንቺ ዋጋ ሰማይ ቤት ነው» ብሎ ሳቀና ሌላ ሥራ ጨመረልኝ።

አንድ ጊዜ አሞኝ ስቀር ማንም አልደወለልኝም። ሁልጊዜ ክንዳቸውን ይዤ ደረጃ የማወጣቸው አንድ አዛውንት ብቻ በሳምንቱ «የት ጠፋሽ ልጄ?» አሉኝ። ስማቸውን እንኳ አላውቀውም።

እንዲህ ከተሰማኝ 11 ዓመት የለፋሁት ለታይታ ነበር ማለት ነው? ምስጋና መፈለግ ኃጢአት ነው? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ስሟ ያልተጠራው

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ በአስተባባሪሽ ተናደድኩ። በሁለተኛው ግን ሌላ ነገር አየሁ። ሁለቱንም እነግርሻለሁ፤ ቅድሚያ ስለ ወንበር ላውራሽ።

ከዓመታት በፊት እኔም ከጉባኤ በኋላ ወንበር ከሚሰበስቡት አንዱ ነበርኩ። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጨዋወት እኔ ውስጥ እደራርባለሁ። አንድ ቀን ግን በራሴ ነቃሁ። ወንበሩን ቀስ ብሎ ማስቀመጥ እየተቻለ ጓ እያደረግኩ ነው የምጥለው። በር ላይ ያሉት እንዲሰሙ ነዋ! «እናንተ ታወራላችሁ፣ እኔ እዚህ እሠራለሁ» ማለቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ ድምፅ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ያለ ድምፅ በማስቀመጤ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚመክርሽ። ከላይ ሆኖ የሚፈርድብሽ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ለታይታ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ለታይታ የሚሠራ ሰው 11 ዓመት ሽንት ቤት አያጸዳም። መታየት ለሚፈልግ ሰው የተሻለ ቦታ ሞልቷል። ከ11 ዓመት በኋላ አንድ ምሽት ስላዘንሽ ያለፈው ሁሉ ውሸት አይሆንም። ማዘንሽ የሚያሳየው ሰው መሆንሽን ነው። ደግሞም የተጎዳሽው በማታውቂያቸው ሰዎች አይደለም፤ ቤተሰቦቼ በምትያቸው ነው።

ስለ ምስጋናም ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ጌታ በተራራው ስብከት «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ብሏል። እውነት ነው። ግን እዚያው ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ሲናገር ሦስት ጊዜ የደጋገመው ሌላ ቃል አለ፤ «በስውር የሚያይ አባትህ» የሚለው። አስተውይ፤ «መታየት አትፈልጉ፣ ማንም አያያችሁም» አላለም። የሚያያችሁ አለ ነው ያለው። ሰው መታየት እንደሚያስፈልገው ያውቃል። የተቃወመው ያንን ረሃብ በሰው ጭብጨባ ለማጥገብ መሮጥን ነው።

ማመስገን ደግሞ የሌላው ሰው ግዴታ ነው። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን መልእክት የመጨረሻ ምዕራፍ አንብቢው። ብዙ ሰው የስም ዝርዝር ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ያ ሁሉ ጥልቅ ትምህርት ካለቀ በኋላ ሰውየው ቁጭ ብሎ ከሃያ በላይ ሰዎችን በስማቸው እየጠራ ሰላምታ ይልካል። ከሁሉ በፊት የጠራት የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነችውን ፌቤንን ነው። ለብዙዎችና ለእኔም ረዳት ነበረች ይላታል። ማርያም የምትባል ሴትንም ያነሣል፤ ስለ እርስዋ የምናውቀው «ስለ እናንተ ብዙ የደከመች» መሆኗን ብቻ ነው። ምን እንደሠራች እንኳ አልተጻፈም። ድካሟ ግን አልተረሳም።

ስለዚህ ስምሽ አለመጠራቱ ጥፋት ነው። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ መርሳት ይሆናል። ያንቺ ዓይነት ሥራ ደግሞ ለመረሳት የተመቸ ነው። ወንበር ተደርድሮ ሲገኝ «ማን ደረደረው?» የሚል የለም። ሳይደረደር የቀረ ቀን ነው ሁሉም የሚጠይቀው። ቢሆንም ጥፋት ጥፋት ነው። አንቺ ትሑት ለመሆን ብለሽ «ምንም አልተፈጠረም» ማለት የለብሽም።

አሁን ወደ አስተባባሪሽ ልምጣ። የጠቀሰልሽ ቃል በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ይገኛል። ለማን እንደተነገረ ግን አብረን እንይ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ወደ ኢየሩሳሌም እየሄዱ ነው። ጌታ ተላልፎ እንደሚሰጥ፣ እንደሚዘባበቱበት፣ እንደሚገርፉትና እንደሚገድሉት ነግሯቸው አፉን እንኳ አልዘጋም ማለት ይቻላል። በማርቆስ አቆጣጠር ለሦስተኛ ጊዜ መንገሩ ነው። በዚህ መሃል የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ ቀረቡና «በክብርህ ጊዜ አንዳችን በቀኝህ አንዳችንም በግራህ መቀመጥን ስጠን» አሉት። እሱ ስለ ሞት ያወራል፤ እነሱ ስለ ወንበር። ማቴዎስ ሲተርከው ደግሞ የጠየቀችላቸው እናታቸው ናት። የሚገርመው የቀሩት አሥሩ ደቀ መዛሙርትም ሰምተው ተቆጡ። ለምን ይመስልሻል? በእኔ ግምት ስለ ትሕትና ተቆርቁረው አይደለም። ተቀደምን ብለው ነው።

ያኔ ነው ሁሉንም ጠርቶ የአሕዛብ አለቆች ሕዝባቸውን እንዴት እንደሚገዙ ያነሣው። ቀጥሎም «በእናንተስ እንዲህ አይደለም» አላቸው። «ማንም ከእናንተ ታላቅ ሊሆን የሚወድ የእናንተ አገልጋይ ይሁን።»

አየሽ? ቃሉ የተነገረው ወንበር ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። አስተባባሪሽ ወንበር ለምትደረድረው ጠቀሰው። ለሽቅብ ሯጮች የተሰጠ መድኃኒት ታች ወድቃ ለደከመች ሰው ተሰጠ። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ የተሰጠው ግን ለሌላ በሽተኛ ነው። ይህን ጥቅስ በዚያ ጉባኤ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ለራሱ ማንበብ የነበረበት ሥራ የሚያከፋፍለው ሰው ነበር። «የማንጠቅም ባሪያዎች ነን» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ሰው ስለ ራሱ የሚለው ነው። አለቃ ስለ ሠራተኛው ሲለው ትርጉሙ ሌላ ነው።

ከዚያው ምዕራፍ ሳልወጣ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ ጌታ ለያዕቆብና ለዮሐንስ «ምን ላደርግላችሁ ትወዳላችሁ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ ከኢያሪኮ ሲወጡ በርጤሜዎስ የሚባል ዕውር ለማኝ ይጮሃል። ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት። ጌታ ግን ቆመ። አስጠራውና እንዲህ አለው፦ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ያው ጥያቄ ነው። ወንበር የጠየቁት «የምትለምኑትን አታውቁም» ተባሉ። ማየት የጠየቀው ግን የጠየቀውን አገኘ። ማርቆስ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው እንዲሁ አይመስለኝም። አገልጋይ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግሽ ያንን መቆም ተመልከቺው። ሊሞት እየሄደ ነው፤ ሕዝብ ተከትሎታል፤ ለአንድ ለማኝ ይቆማል።

ሁለተኛው፣ ቀኝና ግራ የሚሉት ቃላት በዚያው ወንጌል እንደገና አብረው የሚመጡት ምዕራፍ 15 ላይ ነው። ያኔ በቀኝና በግራው የነበሩት ከእሱ ጋር የተሰቀሉ ሁለት ወንበዴዎች ናቸው። ያዕቆብና ዮሐንስ ምን እየጠየቁ እንደነበር እንዳላወቁ የሚገባሽ እዚያ ስትደርሺ ነው።

ስለ ትሕትና ስናወራ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ እግር ማጠቡ ነው። ዮሐንስ ምዕራፍ 13። ግን አንድ ቃል እንዘላለን። «አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው ከእግዚአብሔርም እንደ ወጣ ወደ እግዚአብሔርም እንዲሄድ አውቆ፥ ከእራት ተነሣ» ይላል። አውቆ! ማበሻ ጨርቁን ከመታጠቁ በፊት ማን እንደሆነ አውቋል። ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ አውቋል። ከዚያ ነው የተነሣው። ዝቅ ያለው ራሱን ስላሳነሰ አልነበረም፤ የሚያስመልሰው የጠፋ ክብርም አልነበረውም።

በዚያ ዘመን የእግር ነገር ቀላል አልነበረም። ኋላ የመጡ የአይሁድ መምህራን ደቀ መዝሙር ለመምህሩ ባሪያ ለጌታው የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል፣ የጫማውን ማሰሪያ ከመፍታት በቀር ይሉ ነበር። መጥምቁ ዮሐንስ «የጫማውን ጠፍር እፈታ ዘንድ አይገባኝም» ሲል ደቀ መዝሙር እንኳ ከማይጠየቀው ሥራ በታች ራሱን ማስቀመጡ ነው። እንግዲህ መምህሩ ራሱ ተንበርክኮ የተማሪዎቹን እግር ሲያጥብ ጴጥሮስ ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

ካጠበ በኋላስ? ይህንንም እንዘላለን። ልብሱን መልሶ ለበሰና ተቀመጠ። «እናንተ መምህርና ጌታ ትሉኛላችሁ፤ እንዲሁ ነኝና መልካም ትላላችሁ» አላቸው። «ኧረ እኔ ምንም አይደለሁም» አላለም። እኛ ጋ ትሕትና ማለት ራስን መካድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሰው ሲያመሰግነን «ምን ሠራሁና» እንላለን፤ በሆዳችን ግን እየቆጠርን። እንዲህ ካለው ትሕትና «አመሰግናለሁ፣ ደክሜበታለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻለኛል።

ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ያንቺን ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። «እናንተ ደግሞ እርስ በርሳችሁ ትተጣጠቡ ዘንድ ይገባችኋል።» እርስ በርስ! አንዷ ዕድሜ ልኳን አጣቢ፣ ሌላው ዕድሜ ልኩን ታጣቢ ይሁን አልተባለም። አንድ ሰው ብቻ ጎንበስ ብሎ ሌላው ሁሉ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ጉባኤ ትእዛዙን አልፈጸመም፤ ጎንበስ ያለችው ምንም ያህል ቅድስት ብትሆን።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን ጣሊያን ውስጥ የኖረው ቤኔዲክት ለመነኮሳት ሥርዓት ሲጽፍ 35ኛውን ምዕራፍ ለማዕድ ቤት ተረኞች ሰጥቶታል። ወንድሞች በየሳምንቱ እየተፈራረቁ እርስ በርስ ያገልግሉ ይላል። በሽተኛ ወይም ሌላ ከባድ ኃላፊነት ያለበት ካልሆነ ማንም አይቀርም። ሳምንቱን የጨረሰው ማበሻዎቹን ያጥባል፤ ከሚተካው ጋር ሆኖም የሁሉን እግር ያጥባል። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን አቅም ላነሳቸው ረዳት ይመደብላቸው ማለቱ ነው። ምክንያቱንም ይናገራል፤ ሥራውን በኀዘን እንዳይሠሩት። ተረኞቹ ሳያጉረመርሙ እንዲያገለግሉም ከማዕድ በፊት ትንሽ ነገር ይቅመሱ ይላል። ከ1,400 ዓመት በላይ በፊት የነበረ መነኩሴ ዝቅ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው እንደሚያዝንና እንደሚያጉረመርም አውቆ አስቀድሞ አሰበበት። «ዋጋህ በሰማይ ነው» ብሎ አልሳቀም።

ሙሴስ? «በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ እጅግ ትሑት» የተባለ ሰው ነው። እሱም ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየውና የምታደርገው መልካም አይደለም፣ ትደክማለህ፣ ብቻህን አትችለውም አለው። ሙሴ አልተከራከረም። ሰዎች መረጠና ሥራውን አካፈለ። ምናልባት ትሕትናው ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ሁሉን እኔ ልሸከም ማለትም አንዳንዴ ኩራት አለበት። አንቺ ላይ አለ እያልኩ አይደለም። ግን ጠይቂ፦ «ካልሠራሁት ይበላሻል» ብለሽ ሰው እንዲያግዝሽ ያልፈቀድሽበት ጊዜ የለም?

ስለ ዘማሪው ትንሽ ልቆጣሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ የመረረው ዓረፍተ ነገር ስለ እሱ የጻፍሽው ነው። «ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው።» ይህ ቃል ከየት እንደሚመጣ ታውቂዋለሽ፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 20 በወይኑ አትክልት ቦታ ሙሉ ቀን የሠሩት «እነዚህ አንዲት ሰዓት ሠሩ» ብለው ያጉረመረሙት ነው። ማቴዎስ ያንን ምሳሌ ያስቀመጠው ከዘብዴዎስ ልጆች ታሪክ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ልጁ አልበደለሽም። ጠሩት፣ ወጣ። ያንቺን ቦታ አልወሰደም። የበደሉሽ ዝርዝሩን ያዘጋጁት ናቸው፤ ሒሳቡን ከእነሱ ጋር አውርጂ።

ደግሞም የእሱ ሥራ ካንቺ ሥራ ይበልጣል ያለሽ ማነው? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ተረሱና ቅሬታ ተነሣ። ሐዋርያት ለዚያ ሥራ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። በግሪኩ ለማዕዱ ሥራም ለቃሉ ሥራም የተጠቀሰው ያው «ዲያቆንያ» የሚለው ቃል ነው። እኛ «ዲያቆን» የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው፤ አገልጋይ ማለት። ማዕድ ያቀረበም ቃል የሰበከም ሥራው አንድ ስም አለው። በመካከላቸው ደረጃ የሠራነው እኛ ነን። «አገልጋይ» የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ ከስም በፊት የሚጻፍ ማዕረግ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ590 እስከ 604 የሮም ጳጳስ የነበረው ጎርጎርዮስ ራሱን «የእግዚአብሔር አገልጋዮች አገልጋይ» ብሎ ጠርቶ ነበር፤ ያም ውሎ አድሮ የሮም ጳጳሳት የማዕረግ ስም ሆነ። እንግዲህ የሰው ልጅ ዝቅ የሚልበትን ቃል እንኳ ከፍ የሚልበት ያደርገዋል።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። ልተወው ወይስ ልቀጥል ብለሻል። በዚህ ወር ምንም አትወስኚ። የተቆጣ ሰው የሚጽፈው የመልቀቂያ ደብዳቤ አያምርም። ግን ዕረፊ። ይህ ልመና አይደለም፤ ማሳወቅ ነው። ጌታ ራሱ ሕዝብ እየፈለገው ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ እያለ ይጸልይ እንደነበር ሉቃስ ጽፏል። ሁሉም የሚፈልጉት ሰው ፈቀቅ ካለ፣ አንቺ ስድስት ሳምንት ብትቀሪ ቤተ ክርስቲያን አይፈርስም። ወንበሩም ይደረደራል። ካልተደረደረም ሰው ቆሞ ይዘምራል፤ ምንም አይሆንም።

አስተባባሪሽን ለብቻው አነጋግሪው። በመልእክት አይሁን፣ በአካል ይሁን፣ ሥራ መሃልም አይሁን። እንዲህ ብትዪው በቂ ነው፦ «ደክሞኛል ስልህ ሳቅህብኝ፤ ያ ጎድቶኛል። በምስጋናው ቀን ስሜ አለመጠራቱም ጎድቶኛል። ለስድስት ሳምንት አርፋለሁ። ስመለስ ሥራው በተራ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ማን ማን እንደሚገባበት አብረን እንነጋገር።» ከዚህ በላይ አትጨምሪ። ማብራሪያ ባበዛሽ ቁጥር ይቅርታ የምትጠይቂ ይመስላል። እሱ ከሰማሽ መልካም። ካልሰማሽ ከእሱ በላይ ላለው ሰው መንገር ሐሜት አይደለም፤ የጌታም ትምህርት በመጀመሪያ ለብቻው፣ ካልሰማ ከሌላ ጋር ሆናችሁ ነው የሚለው።

ማርታን አስቢ። ሰው ሁሉ በማርታ ላይ ይፈርዳል፤ እኔ አዝንላታለሁ። ሥራው በዝቶባት ነበር። ነገር ግን እኅቷን «ነይ አግዢኝ» ማለቷ አልተጻፈም። ውስጥ ውስጡን ስትብሰለሰል ቆይታ በእንግዳው ፊት «አይገድህምን?» ብላ ፈነዳች። ቀጥታ መናገር የተወች ሰው መጨረሻዋ እንዲህ ነው። ጌታ «ማርታ፥ ማርታ» ሲላት ሥራሽ ከንቱ ነው አላለም፤ በብዙ ነገር መጨነቋንና መታወኳን ነው የነገራት። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ። በዮሐንስ ምዕራፍ 12 ቢታንያ ላይ እራት ሲደረግ «ማርታም ታገለግል ነበር» ይላል። አልተወችውም። በዚያኛው ጊዜ ግን ከእሷ የተጻፈ ቅሬታ የለም።

ስትመለሽ ያንን ዘማሪ ወንበር እንዲያነሣ ጥሪው። በነገር አይደለም፤ በደስታ። «ና እስኪ አንዱን ጫፍ ያዝልኝ» በይው። ምናልባት ማንም ጠይቆት አያውቅም ይሆናል። ሰው ሲያግዝሽ ደግሞ «ተው፣ እኔ እሠራዋለሁ» አትበዪ። ጴጥሮስ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ሲል ትሕትና መስሎት ነበር። «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» ነው የተባለው። መታጠብን እምቢ ያለ ሰው ማጠብን ገና አልተማረም።

አሁን ደብዳቤሽን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ያየሁትን ልንገርሽና ላብቃ። ስለ አዛውንቱ የጻፍሽውን ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል መቅረትሽን ያስተዋሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለስንት ዓመት ክንዳቸውን ይዘሽ ደረጃ ስታወጪያቸው ኖረሻል። እና «ስማቸውን እንኳ አላውቀውም» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሻቸዋል። እሳቸውም ያንቺን አያውቁት ይሆናል፤ «ልጄ» ነው ያሉሽ።

በዕረፍትሽ ሳምንታት ከጉባኤው አትቅሪ። ግን ከሰው ቀድመሽ አትግቢ። በሰዓቱ ሂጂ፣ ደረጃው ሥር ጠብቂያቸው፣ እንደ ሁልጊዜው ክንዳቸውን ያዢ። ከወጣችሁ በኋላ በር ላይ ትተሻቸው አትሂጂ፤ አጠገባቸው ተቀመጪ። ስማቸውን ጠይቂያቸው። ስምሽንም ንገሪያቸው።

ከዚያ ጻፊልኝ።